ልክን የሚያውቅ መሣሪያ
የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎችና የሴንሰሮች አመራረጥ በጣራ ገዳምና በደብረ ታቦር ደጋ



በቀድሞው ዘመን ሸማ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ ሰው ከቤተ ዘመዱ መካከል ክንደ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይሄድ ነበር ይባላል። መለኪያው የሰው ክንድ ነበርና የአንዱ ክንድ መርዘም ለገዢው ትርፍ፣ ለሻጩ ኪሳራ ነበር። ነገሩ ዛሬ የሚያስቅ ቢመስልም በውስጡ ቁም ነገር አለ። ገዢውም ሻጩም መለኪያው ከሰው ሰው እንደሚለያይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ከመለካታቸው በፊት «በማን ክንድ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

ዛሬ በክንዱ ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ሴንሰር ተተክቷል። ሴንሰሩ ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ የአየር ግፊትን ወይም ክብደትን ለክቶ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር በትንሽ መስኮት ላይ ያበራል። ቁጥሩ ስለሚያበራ ተመልካቹ ያምነዋል፤ «በማን ክንድ?» የሚለው የጥንቱ ጥያቄ ግን ይረሳል። የዚህ ንግግር ዓላማ ያንን ጥያቄ ወደ ሥራ ጠረጴዛው መመለስ ነው።

የስፍራው ጠባይ

በሊቦ ከምከም፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፣ በአገር በቀል ደን የተሸፈነው ጣራ ገዳም ይገኛል። ከዚያ ቁልቁል እስከ ጣና ሐይቅ የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ሽቅብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲወጣ ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከእርሷም ባሻገር የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሩዝ የሚበቅልበት ሞቃት ሜዳና ውርጭ የማይለየው ውርጫማ ደጋ ይገናኛሉ ማለት ነው።

በዚህ አገር መምህራን፣ ተማሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው መለኪያ መሥራት ቢጀምሩ የሚያስደንቅ አይሆንም። አንዱ የዝናብ መጠን፣ ሌላው የአፈር እርጥበት፣ ሦስተኛው የወንዝ ከፍታ መለካት ይሻል። ሁሉም በመጀመሪያ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «የትኛው ሴንሰር ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ግን ከመካከል የተጀመረ ነው። ከእርሱ በፊት ሦስት ሌሎች ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የሚለካው ነገር በምን ያህል ይለዋወጣል? በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ የሚያደርገው ማን ነው? ስሕተቱ ምን ያህል ቢሆን ውሳኔው ይበላሻል? እነዚህ ሳይመለሱ የሚገዛ ውድ ዕቃ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሳይመለሱ የሚገዛ ርካሽ ዕቃም እንዲሁ።

ልክነት፣ ጥራዝና ድግግሞሽ

በአምራቾች መግለጫ ላይ ሦስት ነገሮች ተቀላቅለው ይነበባሉ። አንደኛው መሣሪያው ለይቶ ሊያሳይ የሚችለው ትንሹ ልዩነት ነው። ሁለተኛው ያሳየው ቁጥር ከእውነተኛው መጠን የሚርቅበት ስሕተት ነው። ሦስተኛው ያንኑ ነገር ደጋግሞ ሲለካ ያንኑ ቁጥር መመለሱ ነው። ዲኤስ18ቢ20 የተባለው በሰፊው የታወቀ የሙቀት ሴንሰር ከአንድ ዲግሪ አሥራ ስድስተኛውን እጅ ለይቶ ያሳያል፤ አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው ግን ከዜሮ በታች 10 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ለግማሽ ዲግሪ ስሕተት ብቻ ነው። ስለዚህ 18.06 የሚል ቁጥር ሲያሳይ እውነቱ ከ17.56 እስከ 18.56 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ከነጥብ በኋላ ያለው ጌጥ እንጂ ምስክርነት አይደለም።

ዲኤችቲ11 የተባለው የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር ደግሞ በሙቀት እስከ 2 ዲግሪ፣ በእርጥበት እስከ 5 በመቶ ሊሳሳት እንደሚችል ራሱ አምራቹ ይገልጻል። ይህ ሴንሰር ለመማሪያ ክፍል ሠርቶ ማሳያ የሚያስነቅፈው ነገር የለም። በጣራ ገዳም ደን ጥላ ሥርና ከደኑ ውጭ ባለው እርሻ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ለማጥናት ግን አይበቃም፤ የሚፈለገው ልዩነት ራሱ ከሴንሰሩ ስሕተት ያልበለጠ ሊሆን ይችላልና። እዚህ ላይ ድግግሞሹ የተረጋገጠ ሁለት ሴንሰር መርጦ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን በአንድ ስፍራ አስቀምጦ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት መዝግቦ፣ ከዚያ በኋላ መለየት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው። የሴንሰሩ ስሕተት ጸንቶ ከቆየ ይቀነሳል፤ በየቀኑ የሚለዋወጥ ስሕተት ግን መፍትሔ የለውም።

ይህም ሁሉ የሚጠቅመው ዕቃው እውነተኛ ሲሆን ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዲኤስ18ቢ20 በዓለም ገበያ በብዛት ከተመሳሰሉት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ በላዩ የታተመው ስም አንድ ሲሆን በውስጡ ያለው ሌላ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለሆነም የገዢው የመጨረሻ ዳኛ የዕቃው ስም ሳይሆን ፈተናው ነው።

የፈላ ውሃና የቀለጠ በረዶ

የሙቀት መለኪያን ለመፈተን በመማሪያ መጻሕፍት የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ 0፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ 100 ማሳየት አለበት ይባላል። ምክሩ የተጻፈው በባሕር ጠለል አጠገብ ላለ አንባቢ ነው። በደብረ ታቦር ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በፎገራ ሜዳም በ94 ገደማ ይፈላል። ይህን ያላስተዋለ ተማሪ ትክክለኛ ሴንሰር ገዝቶ፣ በፈላ ውሃ ቢፈትነው 91 አሳየው እንበል። ተማሪው «ዘጠኝ ዲግሪ ጎድሏል» ብሎ በፕሮግራሙ ውስጥ ማረሚያ ይጨምራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጤነኛው ሴንሰር ታማሚ ይሆናል፤ በሽታውም ከሴንሰሩ ሳይሆን ከመጽሐፉ የመጣ ነው።

የበረዶው ፈተና ግን በደጋም በቆላም ያው ነው፤ የበረዶ መቅለጫ በከፍታ ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያሳይም። በንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ደቅቆ፣ ከጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጋር በፔርሙዝ ውስጥ ተደርጎ፣ በደንብ ከተማሰለ ዋጋው ርካሽ የሆነ አስተማማኝ መመርመሪያ ይሆናል። ከዚያ በላይ ላለው ክልል ልኩ ከተመሰከረለት ቴርሞሜትር ጋር ጎን ለጎን ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የክብደት መለኪያም የቦታ ባሕርይ አለው። በኤችኤክስ711 እየታገዙ የሚሠሩት ሚዛኖች የሚለኩት በዕቃው ላይ የሚያርፈውን የምድር ስበት ነው። የደብረ ታቦር ስበት ከዓለም አቀፉ መደበኛ ስበት በ0.3 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ በመደበኛው ስበት ልክ የተስተካከለ ሚዛን በዚያ ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ 3 ግራም ያህል ያጎድላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሚዛኑ በሚሠራበት ቦታ በታወቀ መመዘኛ ድንጋይ እንደገና ይስተካከል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት ለሚዛን ሠሪም የተነገረ ነው።

በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ተራራ

የአየር ግፊት በፎገራ 820 ሄክቶፓስካል፣ በደብረ ታቦር 730፣ በጉና ራስ ላይ 620 ገደማ ነው። ለቆላ አገር የተሠራ፣ ከ950 በታች ቁጥር የሌለው የግድግዳ ባሮሜትር በዚህ አገር መርፌው ከዳር ተጣብቆ ይቀራል። ቢኤምፒ280 የተባለው ሴንሰር ግን ከ300 እስከ 1,100 ሄክቶፓስካል ስለሚለካ ለጉናም ይበቃል። እዚህ ምርጫው ቀላል ነው።

ችግሩ የሚመጣው በዚሁ ሴንሰር ከፍታ ለመለካት ሲሞከር ነው። በደብረ ታቦር የአንድ ሄክቶፓስካል ልዩነት 11 ሜትር ያህል ከፍታ ማለት ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ባሉ አገሮች ደግሞ የአየር ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ይወጣል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይወርዳል፤ በሌሊትም እንዲሁ ይደግማል። ልዩነቱ በደጋው 3 ሄክቶፓስካል ያህል ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው ሴንሰሩን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከጧት እስከ ማታ ቢመዘግብ፣ ቤቱ ከነጠረጴዛው 30 ሜትር ሽቅብ እንደወጣ ይነገረዋል። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። ሁለት ሴንሰሮች፣ አንዱ በታወቀ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ሌላው እየተንቀሳቀሰ በአንድ ሰዓት ቢነበቡ ግን የቀኑ ለውጥ ተጣፍቶ የከፍታው ልዩነት ብቻ ይቀራል።

ከሴንሰሩ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ዕቃዎች

ብዙ ሠሪዎች ለሴንሰሩ ተጨንቀው ለቀሪው ዕቃ ግድ አይሰጣቸውም። ለምሳሌ ያህል ኤልኤም35 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል። የአርዱዊኖ ኡኖ ሰሌዳ 5 ቮልቱን በ1,024 ደረጃ ስለሚከፍል አንዱ ደረጃ ወደ 4.9 ሚሊቮልት፣ ማለት ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ከዚህም በላይ «5 ቮልት» የተባለው ኃይል በእርግጥ 4.8 ቮልት ቢሆን፣ የ25 ዲግሪ ሙቀት 26 ሆኖ ይነበባል። የሰሌዳውን 1.1 ቮልት ውስጣዊ ማመሳከሪያ መጠቀም ደረጃውን ወደ አንድ አሥረኛ ዲግሪ ያጠብበዋል፤ ውጤቱም ከኃይል ምንጩ መዋዠቅ ነጻ ይሆናል። ይህ ማሻሻያ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የውስጣዊው ማመሳከሪያ ዋጋ ግን ከሰሌዳ ሰሌዳ ጥቂት ስለሚለያይ አንድ ጊዜ በጥሩ መልቲሜትር ተለክቶ መመዝገብ አለበት።

ሬዚስተርም እንዲሁ ነው። ወርቃማ ቀለበት ያለው ሬዚስተር እስከ 5 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ሁለት እንዲህ ያሉ እኩል ሬዚስተሮች የባትሪን ቮልቴጅ ለሁለት ከፍለው እንዲያስነብቡ ቢደረግ፣ ስሕተታቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ከሄደ የ3.7 ቮልት ባትሪ በ0.19 ቮልት ያህል ተሳስቶ ይነበባል። የሊቲየም ባትሪ ከሙሉ እስከ ባዶ የሚጓዘው ከ4.2 እስከ 3 ቮልት አካባቢ በመሆኑ፣ ይህ ስሕተት ግማሽ የሞላውን ባዶ ሊያስብል ይበቃል። ባለ 1 በመቶ ሬዚስተር የሚጨምረው ወጪ ከዚህ ጉዳት ጋር አይወዳደርም። ኤልኢዲ መብራት ለማብራት ግን ባለ 5 በመቶው ከበቂ በላይ ነው። ጥሩ መራጭ የሚታወቀው ውዱን በመግዛት ሳይሆን፣ ውዱ የት እንደሚያስፈልግና የት እንደማያስፈልግ በመለየት ነው።

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራን በመሰሉ ስፍራዎች፣ ከአሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚወጡ ዕቃዎች አሁንም አገልግሎት ይሰጣሉ። ትራንስፎርመር፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሙቀት ማብረጃ ብረትና ሽቦ ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ግን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚደርቅ፣ ሳይለካ ከአሮጌ ሰሌዳ ወደ አዲስ መለኪያ መዛወር የለበትም። ሌላው ጥንቃቄ ሙቀትን ይመለከታል። 12 ቮልትን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ 7805 ሬጉሌተር ግማሽ አምፔር ሲያሳልፍ 3.5 ዋት ሙቀት ይለቅቃል። የደብረ ታቦር አየር ሳስ ያለ በመሆኑ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል፤ ስለዚህ ማብረጃው በመጽሐፍ ከተጻፈው ተለቅ ማለት ይገባዋል፤ የሙቀት ሴንሰሩም ከእርሱ መራቅ አለበት። አለዚያ መሣሪያው የአገሩን አየር ሳይሆን የራሱን ትኩሳት ይለካል።

ከቤት ውጭ

ከቤት ውጭ የሚቀመጥ መለኪያ የክረምቱን ርጥበት፣ የበጋውን ብርቱ ፀሐይና መብረቅን ይጋፈጣል። የአየር ሙቀት ሴንሰር በፀሐይ ላይ ቢሰቀል የሚለካው ፀሐይን ነው፤ ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት በ1.25 እና በ2 ሜትር መካከል መሰቀል አለበት። የሴንሰር ሽቦ በረዘመ ቁጥር በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ የሚያስከትለውን ኃይል ይሰበስባልና ሽቦው ማጠሩ ይመረጣል።

የአፈር እርጥበትን የሚለኩት ሴንሰሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። ባዶ ብረታቸው አፈር ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉት ርካሾቹ በራሱ በኤሌክትሪኩ ምክንያት ቶሎ ይበላሉ። ብረታቸው የተሸፈነው ካፓሲቲቭ የሚባሉት ረዘም ያለ ዕድሜ አላቸው፤ ሆኖም የሚሰጡት ቁጥር እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል። ለፎገራ ጥቁር አፈር፣ ለደብረ ታቦር ቀይ አፈርና ለጣራ ገዳም የደን አፈር አንድ ሠንጠረዥ አይሠራም። ከየቦታው የአፈር ናሙና ተወስዶ፣ ተመዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ደርቆ፣ እንደገና ተመዝኖ የጠፋው ውሃ ከሴንሰሩ ቁጥር ጋር መነጻጸር አለበት።

የወንዙ ጉዳይ

እስከዚህ የተነገረው ስሕተት ሁሉ የሚያስከትለው ጉዳት ቢበዛ የተበላሸ ማስታወሻ ነው። ወንዝ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይከብዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከአፋቸው አልፈው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ አጥለቅልቀው ብዙ ሕዝብ ከቀየው አፈናቅለዋል። እንዲህ ያለ ትዝታ ባለበት አገር፣ የውሃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ከድልድይ ላይ መስቀል የሚመኝ ወጣት ምኞቱ የተመሰገነ ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙዎች የሚያነሡት በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካውን ኤችሲ ኤስአር 04 ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ውሃ የማይገባበት ሆኖ አልተሠራም። ከዚህም ሌላ የድምፅ ፍጥነት ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለወጣል። ፕሮግራሙ 20 ዲግሪን ታሳቢ አድርጎ ከተጻፈ፣ 3 ሜትር ርቆ ያለ ውሃ በ10 ዲግሪ ብርድ በ3.05 ሜትር፣ በ30 ዲግሪ ሙቀት በ2.95 ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። በቅዝቃዜ ሰዓት መሣሪያው ውሃውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል ማለት ነው። በክረምት የሙቀቱ ልዩነት ስለሚጠብ ስሕተቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፤ አቅጣጫውም አይለወጥም። ሰው በተኛበት በቀዝቃዛው ሌሊት፣ ጠባቂ ተብሎ የተሰቀለው መሣሪያ አደጋውን የሚያሳንስ ይሆናል። ውሃ የማይገባበት ሴንሰር መርጦ አጠገቡ የሙቀት ሴንሰር መጨመርና ፍጥነቱን በዚያ ማስላት ይህን ጉድለት ያርማል።

ይህም ሆኖ ብቻውን የቆመ መሣሪያ የሕዝብ ደህንነት አደራ ሊሰጠው አይገባም። ከሴንሰሩ ጎን በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ ቋሚ ዘንግ መተከል አለበት፤ አንድ የአካባቢው ነዋሪም በየቀኑ አንብቦ ይመዝግብ። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በዳንግላ ወረዳ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከነዋሪዎች ጋር ባካሄዱት ጥናት፣ ገበሬዎች ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድ ውሃን በቀላል መለኪያ እያነበቡ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ውጤት የነዋሪዎቹ መዝገብ በጥራቱ ከመደበኛ ጣቢያዎች መዝገብ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ኤሌክትሮኒክስን መናቅ አይደለም። መሣሪያን የሚያስከብረው ዋጋው ሳይሆን በየጊዜው የሚያየውና የሚጠይቀው ሰው መኖሩ ነው።

መደምደሚያ

ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የዐፄ ቴዎድሮስ አንጥረኞችና አውሮፓውያን ባለ እጆች የሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. በብዙ ሺህ ሰው ድካም ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል። በዚያው ምድር ዛሬ የሚሠራው ዕቃ ጥቂት ግራም ቢመዝንም ሠሪውን የሚጠይቀው ያው ነው፤ ይኸውም የያዘውን ማቴሪያል ባሕርይ ማወቅና በሚሠራበት ስፍራ መፈተን ነው።

ለዚህም ማኅበሩ በአቅሙ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛ፣ በአዲስ አበባ በሚገኘው የሥነ ልክ ተቋም የተመሰከረለት አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ መልቲሜትርና አንድ የመመዘኛ ድንጋይ ስብስብ አስቀምጦ ለአባላትና ለትምህርት ቤቶች ማነጻጸሪያ ማድረግ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል የገዛውን ዕቃ ፈትኖ ያገኘውን ውጤት፣ የተበላሸውን ጭምር፣ በአንድ የጋራ መዝገብ ማስፈር። ሦስተኛ፣ ማንኛውም መለኪያ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ከቁጥሩ ጎን የስሕተቱ መጠን እንዲጻፍ ልማድ ማድረግ።

«የርብ ውሃ 2.40 ሜትር ነው» ከማለት ይልቅ «2.40 ሜትር ነው፤ በ5 ሳንቲ ሜትር ሊሳሳት ይችላል» ማለት ደካማ አነጋገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በወንዙ ዳር የሚተኛው ገበሬ ከብቱን መቼ ማስወጣት እንዳለበት ሊወስን የሚችለው በሁለተኛው አነጋገር ነው። የመጀመሪያው ክንዱን ብቻ ዘርግቶ ያሳያል፤ ሁለተኛው ክንዱ የማን እንደሆነም ይናገራል።